ከፋብሪካ እንደወጣ የኤሌክትሪክ መኪና በውድድር መም ላይ

ወደዚህ ዓምድ የሚላኩት ጥያቄዎች ጠባያቸውን ከቀየሩ ሰነባብተዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ስለ ካርቡሬተርና ስለ ካምቢዮ የሚጠይቁን አንባቢዎች እያነሱ፣ ስለ ባትሪ የሚጠይቁን እየበዙ መጥተዋል። የዛሬዎቹ አራት ጥያቄዎች ከመሀል አዲስ አበባ የመጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ የገጹን አብዛኛውን ክፍል ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፣ ከካዛንቺስ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ዱባይ የሚኖር ሲሆን ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ አለው። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ምንም አልተቀየረበትም። በመጪው ጥር ልጠይቀው ስሄድ፣ ዱባይ አውቶድሮም በተባለው የውድድር መም ላይ ባለመኪናዎች በገዛ መኪናቸው የሚነዱበት ቀን ስላለ አብረን እንድንሄድና እኔም ተራ ይዤ እንድነዳ ጋብዞኛል። እኔ እዚህ የምነዳው ቢ ዋይ ዲ ሲል ነው። መሪ ከያዝኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ መም ላይ ግን ነድቼ አላውቅም። መኪናው ሳይነካ መሄድ ይቻላል ወይስ መቀየር ያለበት ነገር አለ? ደግሞስ ከመሄዴ በፊት አንድ ሁለት ሌሊት በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ብለማመድ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ በአዳማው መንገድ ላይ አይለማመዱ። በዚያ መንገድ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎሜትር ሲሆን፣ በሰዓት 200 ኪሎሜትር የሚበር መኪና በአንዲት ሰከንድ 55 ሜትር ያልፋል፤ ያለ መብራት የቆመ የጭነት መኪና ዓይንዎ ውስጥ ገብቶ እግርዎ ፍሬን እስኪነካ ድረስ ብቻ የእግር ኳስ ሜዳን የሚያህል ርቀት ሄደዋል ማለት ነው። መም ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል፣ ከኩርባው ውጭ ማምለጫ ሜዳ አለ፣ በየጥጉ ባንዲራ የያዙ ሠራተኞች ቆመዋል፣ አምቡላንስም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ የኤሌክትሪክ መኪና ነጂ ልምምድ የማያስፈልገው ብቸኛው ነገር ነው። ወንድምዎ ያላቸው መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ተኩል እንኳ አይፈጅበትም፤ የእርስዎም ሲል ባለ ሁለት ሞተሩ ከሆነ በ3.8 ሰከንድ ይደርሳል። ይህን ማንም እግር ያለው ሰው ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ወንድምዎ የጋበዙዎት ዝግጅት ውድድር አይደለም። ሰዓት ተይዞ ዋንጫ አይሰጥበትም፤ ነጂዎች እንደ ልምዳቸው በምድብ ተከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚቆይ ክፍለ ጊዜ ይገባሉ፣ ከዚያ ወጥተው ያርፋሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ይመለሳሉ። ለጀማሪዎች በሚሰጠው ምድብ ውስጥ መቅደም የሚቻለው በቀጥተኛው ክፍል ላይ፣ ያውም የሚቀደመው ሰው በምልክት ሲፈቅድ ነው። ዱባይ አውቶድሮም በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ረጅሙ መስመሩ 5.39 ኪሎሜትር ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሰባትና ከስምንት ዙር በላይ ስለማይነዱ፣ ሰባቱን ዙር በሚገባ መንዳት የቻለ መኪና ይበቃዎታል።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ሰባት ዙር ይችላል ወይ ቢሉኝ፣ ሞተሩ ይችላል፤ ፍሬኑ ግን እንደተገዛ ከተተወ ላይችል ይችላል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎት። ከነነጂው 1,900 ኪሎግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ መኪና በቀጥተኛው መጨረሻ ላይ ከ200 ወደ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ሲወርድ ወደ 2.5 ሚሊዮን ጁል የሚደርስ ጉልበት አንድ ቦታ መጣል አለበት። ይህን የሚያደርገው በአራት ሰከንድ ውስጥ ነው ብንል 600 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ሰዎች የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አይጠቀምም፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል ይላሉ፤ በቦሌ መንገድና በቸርችል ጎዳና ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ሞተሩ ወደ ባትሪው 100 ኪሎዋት እንኳ ቢመልስ፣ የተረፈው 500 ኪሎዋት የሚያርፈው በአራቱ ዲስኮችና በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ነው። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ እንግዲህ ወደ 140 የሚጠጋ የጋለ ምጣድ በአራት ጎማ መካከል አከፋፍለው ይመልከቱት፤ ትልቁን ድርሻ ደግሞ የፊት ሁለቱ ይወስዳሉ። ይህ በየዙሩ፣ በየትልልቁ ኩርባ መግቢያ ላይ ይደጋገማል።

ሙቀቱ መጀመሪያ የሚጎዳው ማንም የማያስታውሰውን ነገር፣ የፍሬን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ በጠጣ መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት ሲጠበቅበት፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው እስከ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ የትነት አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ የእግርዎን ጉልበት ወደ ፍሬኑ ከማድረስ ይልቅ ራሱ ይውጠዋል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት በአሮጌ ኮሮላ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ እየወረድኩ ነበር፤ ከፊቴ የከባድ መኪና ሰልፍ ስለነበረ ማርሽ ከመቀነስ ይልቅ ፍሬን እየነካካሁ መከተልን መረጥኩ፣ ስንፍና ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ የሰው መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለስላሳ ሆነ፣ ቀጥሎም በአንድ ኩርባ ላይ እንደ እርጥብ ጭቃ ሰምጦ ከወለሉ ጋር ተገናኘ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬን እየሳብኩ፣ በተራራው በኩል ባለው ጠጠር ላይ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከቆየሁ በኋላ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ጠነከረ። አዲስ አበባ ገብቼ የዘይቱን ክዳን ስከፍት፣ የማር ቀለም ሊኖረው የሚገባው ዘይት የቡና አተላ መስሎ አገኘሁት፤ ከወር በፊት ቀይሬልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የተቀበለኝ ጋራዥ ክዳኑን እንኳ የከፈተ አይመስለኝም። ያ ኮሮላ እንዲህ የሆነው በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር ሳያልፍ ነው።

ስለዚህ ለወንድምዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ ሌላ ምንም ባይቀየር፣ የፍሬን ዘይቱ ከመም ቀን በፊት ባለው ሳምንት ተቀይሮ፣ አየሩ በሚገባ ወጥቶለት፣ ለዚህ ሥራ በሚሆን ከፍ ባለ ዘይት ይተካ፤ ለመም የሚሠሩት ዘይቶች አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ። ሁለተኛው የፊት ፍሬን ሸራ ነው። የመንገድ ሸራ በቀዝቃዛ ሰዓት ቶሎ እንዲይዝና እንዳይጮህ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ በከፍተኛ ሙቀት መያዙን ይተዋል። ልዩነቱን እግርዎ ይነግርዎታል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ሸራው ሲግል ግን ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ መኪናው አይቆምም። ለመም የሚሆን ሸራ በከተማ ውስጥ ያፏጫል፣ ቸርኬውንም በጥቁር ዱቄት ይሸፍነዋል፤ ለአንድ ቀን መቻል ነው።

ከዚህ ያለፈውን ሁሉ፣ ማለትም ሞላውን፣ ቸርኬውን፣ የኋላ ክንፉን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይተዉት። የሚሸጡት ሰዎች ሌላ ነገር ይሉዎታል፤ ነገር ግን መኪናውን የማያውቅ ሰው የቀየረውን ነገር ጥቅም ሊለይ አይችልም፣ ወንድምዎም ገንዘባቸውን ለአስተማሪ ቢከፍሉት ብዙ ሰከንድ ይገዛሉ። አጠገብዎ ተቀምጦ፣ የት ፍሬን እንደሚነኩና ዓይንዎን ወዴት እንደሚያደርጉ የሚነግርዎ ሰው በአንድ ዙር የሚያስተምርዎትን፣ ብቻዎን አንድ ቀን ሙሉ ቢነዱ አያገኙትም። 14 ዓመት በአዲስ አበባ መንዳትዎ ትዕግሥት አስተምሮዎት ይሆናል፤ አንድ ክፉ ልማድም ሳያስተምርዎት አይቀርም፣ ይኸውም ከፊት ያለውን ጎማ እያዩ መንዳት ነው። መም ላይ የሚታየው የሚቀጥለው ኩርባ ነው።

ስለ ባትሪው። በመንገድ ላይ ይህ መኪና ለ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መም ላይ በአማካይ 90 ኪሎዋት እየወሰደ 20 ደቂቃ ቢነዳ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ 75 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ 40 በመቶው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ 90 በመቶ ይዘው ቢገቡ ከሁለት ጊዜ በኋላ ቻርጅ ማድረግ ግድ ይላል። በአቅራቢያው ፈጣን ቻርጀር የት እንዳለ ወንድምዎ ከወዲሁ ያጣሩ፤ ምሳ ሰዓትን ለዚህ መጠቀም ይለመዳል። ክፍያው ከግማሽ በታች ሲወርድ የባትሪው ቮልቴጅም ስለሚወርድ መኪናው እንደ ጠዋቱ አይበረታም። በዚህ ላይ የባትሪው ሙቀት አለ፤ በሽቦም ሆነ በባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ከተማ ውስጥ ለብ ብሎ የሚውለው ባትሪ መም ላይ በጥቂት ዙር ውስጥ ይግላል። መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ሲቀንስ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። እግርዎን አንሥተው አንድ ሁለት ዙር በቀስታ ይንዱ፣ ወይም ይውጡ። ጥር መመረጡም ደግ ሆኗል፤ በዱባይ በጋ የውጭው አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማቀዝቀዣው የሚያቀዘቅዝበት ነገር አያገኝም።

ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለመም የተዘጋጀ የአነዳድ ምርጫ አለው። ከመግባትዎ በፊት ያብሩት፤ ባትሪውንና ሞተሮቹን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ይጀምራል። በዚያው ገጽ ላይ መኪናውን ከመንሸራተት የሚጠብቀውን እርዳታ መቀነሻ አለ፤ እርሱን አይንኩት። ወንድምዎ እንዲነኩት ቢመክሩዎትም፣ ታላቅነታቸውን አክብረው እምቢ ይበሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ክፍለ ጊዜውን እንደጨረሱ በፍጥነት ገብተው አያቁሙ። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ በተቻለ መጠን በቀስታ ነድተው፣ ነፋስ ዲስኮቹን እንዲያበርድ ያድርጉ። በቴስላ መኪና ላይ ማቆሚያውን ሲያስገቡ የኋላ ፍሬኑ በራሱ ይጨብጣል፤ የጋለ ዲስክ በሸራ ተጨብጦ እንዲቆም አይፈለግም። ለጎማ መፍቻ የሚሆን የጉልበት መለኪያ ቁልፍም ይዛችሁ ሂዱ። የዚህ መኪና የቸርኬ ቡሎን 175 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ ከመግባታችሁ በፊትና ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ጊዜ ይፈተሽ።

ስለራስዎ መኪና አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ሳይጠይቁ እንደማይቀሩ ስለገመትኩ ልመልስ። ሲል ባለ ሁለት ሞተሩ 2,185 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ከሞዴል 3 በ300 ኪሎግራም በላይ ይከብዳል። ከላይ ያሰላነውን የምጣድ ብዛት በዚያው መጠን ይጨምሩበት።

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼ 100 በመቶ ሞልቶ ያደረውን የኤሌክትሪክ መኪናዬን ይዤ በጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ስወርድ እግሬን ከፔዳሉ ላይ ሳነሣ መኪናው እንደ ወትሮው አልያዘልኝም፣ ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሬንዎ ደህና ነው። እግርዎን ሲያነሡ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ሲሆን፣ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይልካል። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ መኪናው ይህን አያያዝ ይቀንሰዋል ወይም ጨርሶ ያቆመዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ባትሪው ራሱ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ቶሎ መቀበል አይችልም፤ የእርስዎ ነገር ሁለቱም የተገናኙበት ይመስለኛል። ለመውጣት የተጠቀሙት ኤሌክትሪክ ጥቂት ቦታ ቢለቅም፣ ከ100 በታች ባሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት በመቶዎች ውስጥ መኪናው አሁንም ይቆጠባል።

ሁለት ሺህ ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንጦጦ ለመሄድ ባሰቡበት ሌሊት ቻርጁን 85 ወይም 90 ላይ እንዲያቆም ያዘጋጁት። የካዛንቺሱ አንባቢያችንም ይህን ልብ ቢሉ ደግ ነው፤ ባትሪው ጢም ብሎ መም ላይ የሚገባ መኪና በመጀመሪያው ዙር ሥራውን በሙሉ በሸራው ላይ ይጥለዋል፣ ፔዳሉን የማንሣቱ ስሜትም በሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይለያል።

ጥያቄ፣ ከሜክሲኮ፦ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አለኝ፤ መኪና ውስጥ ለመም ይሆናል? ሙሉ መድን የገባሁለት መኪናስ መም ላይ ቢጋጭ ይከፈለኛል?

መልስ፦ በሄልሜቱ ውስጥ የተለጠፈውን ምልክት ይመልከቱ። ስኔል የተባለው መመዘኛ ለሞተር ሳይክል ኤም፣ ለመኪና ውድድር ደግሞ ኤስ ኤ የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ኤስ ኤ 2020 እንደሚለው ዓይነት። የመኪናው ሄልሜት ውስጡ እሳት በሚቋቋም ጨርቅ የተሠራ ነው፣ ከመኪና ውስጥ ብረት ጋር መጋጨትንም ታስቦ ይፈተናል። አንዳንድ አዘጋጆች ኤምን ይቀበላሉ፣ ሌሎች አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።

መድኑን በተመለከተ፣ ውልዎን አውጥተው የማይሸፈኑ ጉዳዮች የሚለውን ክፍል ያንብቡ። በብዙ የመድን ውሎች ውስጥ ውድድርና የፍጥነት ሙከራ ከሽፋን ውጭ ናቸው፤ ውድድር አልነበረም ብሎ መከራከርም አያዋጣም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው መድንም ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ነው እንጂ ለገዛ መኪናዎ አይደለም። የአምራቾች ዋስትናም ብዙውን ጊዜ በመም ላይ የደረሰ ጉዳትን አይጨምርም። መም ላይ ይዘውት የሚገቡት መኪና ቢጠፋ በእግርዎ ለመሄድ የፈቀዱበት መኪና ይሁን።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ ባለፈው ወር ከፍታ ለኤሌክትሪክ መኪና ምንም ማለት አይደለም ብለው ጽፈዋል። እኔ ጎሚስታ ነኝ። እዚህ ሞልቼ የላክሁት ጎማ አዋሽ አድሮ በጠዋት ሲለካ ሁለት ፒ ኤስ አይ ያህል ጎድሎ ይገኛል፤ ደንበኞቼም ተበስቷል ብለው ይመልሱልኛል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት፤ እኔ አብዝቼዋለሁ። ልለው የፈለግሁት ሞተሩ አየር ስለማያቃጥል አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱ አይቀንስም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። መኪናው ሲሮጥ የሚገፋው አየር ስለሚቀል ይጠቀማል፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ግን የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ ይጎዳል። አባይ በረሃ ላይ ያቆመኝን ነገር የጻፍኩ ሰው ይህን መርሳት አልነበረብኝም።

የጎማዎቹ ነገር ደግሞ በጌጁ ላይ ነው። ጌጅ የሚለካው የጎማውን ነፋስ ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ሳይቀንስ፣ አዋሽ ላይ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር ጌጁ ሁለት ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል። አዲስ አበባ የተሞላ ጎማ በባሕር ጠለል ላይ በዚያው ሙቀት ቢለካ ልዩነቱ ሦስት ተኩል ይሆናል። ደንበኞችዎ ቀን በሙቀት ቢለኩት ግን ሙቀቱ ነፋሱን ስለሚያስፋው ጉድለቱ አይታያቸውም፤ ስለዚህ ነው ቅሬታው ሁልጊዜ በጠዋት የሚመጣው። ጎማው ሳይበሳ የመለሱልዎትን ሰዎች ወጪ እንዲከፍሉ መጠየቅ ባይቻልም፣ ወደ ቆላ ለሚወርዱት ቀድመው ይንገሯቸው፤ ደርሰው በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ማዕቀፍ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ያስተካክሉ። መም ላይ የሚነዳ ሰውም እንዲሁ እዚያው ቦታ ላይ ነው መሙላት ያለበት፤ ከመሙ እንደወጣ ወዲያው ሲለካው ከጠዋቱ ከአራት እስከ ስድስት ከፍ ብሎ ቢያገኘው አይገረም፣ ከዚያ በላይ ካለፈ ግን ጥቂት ያስተንፍስለት።